ኤድዋርድ ካርሰን፦ ለሕግ ቆሞ በሕግ ላይ የሸፈተው የፓርላማ ሰው

የአንድ ፖለቲከኛ ታሪክ የሚመዘነው በንግግሩ ብዛት ወይም ከሞተ በኋላ በቆመለት ሐውልት ቁመት አይደለም። የሚመዘነው ለየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል ጥቅም እንደቆመ፣ ሕዝብን በምን መንገድ እንዳሰለፈና በመጨረሻም የተሰለፈው ሕዝብ ምን እንዳተረፈ በመመርመር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ሚዛን ላይ የምናስቀምጠው ሰው ኤድዋርድ ካርሰን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ካርሰን ከ1892 እስከ 1921 ድረስ በብሪታኒያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ውስጥ ያለማቋረጥ የተቀመጠ፣ አየርላንድ ከብሪታኒያ እንዳትነጠል ዕድሜውን ሙሉ የታገለ፣ ነገር ግን በትግሉ መጨረሻ የትውልድ አገሩ ለሁለት ስትከፈል በዓይኑ ያየ ፖለቲከኛ ነበር።

የዚህን ሰው ታሪክ ለነዋሪዎች ማኅበር አባላትና ለሠራተኛው ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ካርሰን ሁለት ከባድ ጥያቄዎችን ትቶልን አልፏል። አንደኛው፣ የፓርላማን ሕግ ለድኾች እንደ ሰማይ ትእዛዝ የሚቈጥሩ ሰዎች ያው ሕግ በራሳቸው ላይ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ፋብሪካ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ዓይነት ደመወዝ የሚሠሩ ወዛደሮች በምን ብልሃት እርስ በርሳቸው ጠላት ሊሆኑ ይችላሉ የሚለው ነው።

አንድነት ምን ማለት ነበር?

እንደሚታወቀው አንድነት የሚለው ቃል ለሰሚው ሁሉ መልካም ይመስላል። ሆኖም ቃሉ ማን ከማን ጋር፣ በማን ፈቃድና ለማን ጥቅም አንድ እንደሆነ ካልተጠየቀ ብቻውን ምንም አይነግረንም። በአየርላንድ አንድነት ይባል የነበረው በ1800 በወጣውና በጃኑዋሪ 1 ቀን 1801 በሥራ ላይ በዋለው ሕግ የተመሠረተው ትስስር ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት በደብሊን የነበረው የአየርላንድ ፓርላማ ተዘጋ፤ አየርላንድም እንደራሴዎቿን ወደ ለንደን እንድትልክ ተደረገ። ይህ ትስስር እንዲቀጥል የሚታገሉት ወገኖች ዩኒየኒስቶች ይባሉ ነበር። በአንጻሩ ለአየርላንድ የራሷ ፓርላማ በደብሊን እንዲመለስላት የሚጠይቁት ወገኖች ጥያቄያቸውን ሆም ሩል፣ ማለትም የራስ አስተዳደር ብለው ሰየሙት።

የአየርላንድ ሕዝብ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ካቶሊክ ነበር። ይሁን እንጂ መሬቱ በአብዛኛው በፕሮቴስታንት ባለርስቶች እጅ ሲሆን፣ አራሹ ጭሰኛ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ በኩል በአልስተር ክፍለ ሀገር ደግሞ ሁኔታው የተለየ ነበር። በዚያ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ መጥተው የሰፈሩ የፕሮቴስታንቶች ዘሮች በብዛት ይኖራሉ። በቤልፋስት ከተማ የተልባ እግር ጨርቅ ፋብሪካዎችና ታላላቅ የመርከብ መሥሪያዎች ተስፋፍተዋል። የእነዚህ ፋብሪካዎች ባለቤቶች ገበያቸው ከብሪታኒያ ግዛት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ የራስ አስተዳደርን እንደ ኪሳራ አዩት። ተራው ፕሮቴስታንት ገበሬና ሠራተኛ ደግሞ በካቶሊክ ቀሳውስት ሥልጣን ሥር እወድቃለሁ የሚል ስጋት ነበረበት። ይህን ስጋት ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ለእውነት መቆም አይሆንም። በሕዝቡ ልብ ውስጥ ያደረ እውነተኛ ስጋት ነበር። ጥያቄው ስጋቱን ማን አንሥቶ ለምን ዓላማ አዋለው የሚለው ነው።

ከፍርድ ቤት ወደ ፓርላማ

ካርሰን በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1854 በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሲሆን፣ እናቱ በጎልዌይ ከነበረ የባለርስት ቤተሰብ የመጣች ነበረች። ከዚህ እንደምንረዳው የሰሜኑ የአልስተር ዩኒየኒስቶች መሪ ለመሆን የበቃው ሰው የደቡብ ልጅ እንጂ የአልስተር ተወላጅ አልነበረም። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ በ1877 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ።

ስሙ መታወቅ የጀመረው በጭሰኞች ትግል ዘመን ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የአየርላንድ ጭሰኞች ባለርስቶች የጣሉባቸውን ከባድ የመሬት ኪራይ አንከፍልም ብለው በኅብረት ተነሡ። በወቅቱ የአየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው አርተር ባልፎር በ1887 ይህን እንቅስቃሴ ለመቅጣት ልዩ የወንጀል ሕግ አወጣ። ሕጉን በፍርድ ቤት ሥራ ላይ ካዋሉት የዘውዱ ዐቃብያነ ሕግ መካከል ዋነኛው ወጣቱ ካርሰን ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በሚችልስታውን ከተማ በተደረገ የሕዝብ ስብሰባ ላይ ፖሊስ ተኩሶ ሦስት ሰዎችን ሲገድል ካርሰን ለክስ ጉዳይ በከተማይቱ ውስጥ ነበር። ከዚያም በኋላ ሥራውን ሳያወላውል ቀጠለ። በእርሱ ዘንድ ሕግ ሕግ ነው፤ የጣሰው ሁሉ መቀጣት አለበት። ይህን አቋሙን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንጠይቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አገልግሎቱ ዋጋ አላጣም። በ1892 የአየርላንድ መንግሥት ሁለተኛው የሕግ ሹም ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በተደረገው ምርጫም የደብሊን ዩኒቨርሲቲ እንደራሴ ሆኖ ለንደን ገባ። እዚህ ላይ መራጮቹ እነማን እንደነበሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የፓርላማ ወንበር ነበራቸው፤ የሚመርጡትም ምሩቃኑ ነበሩ። በመሆኑም ካርሰን እስከ 1918 ድረስ ለ26 ዓመታት የተቀመጠበትን ወንበር የሰጠው አርሶ የሚያድር ገበሬ ወይም በፋብሪካ የሚሠራ ወዛደር ሳይሆን በአብዛኛው ፕሮቴስታንት የነበረ የተማረ ክፍል ነበር።

በምክር ቤቱ ውስጥ

ካርሰን ፓርላማ በገባ በዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ሁለተኛውን የራስ አስተዳደር ረቂቅ ሕግ አቀረበ። አዲሱ እንደራሴ ረቂቁን በጥብቅና ስልት አንቀጽ በአንቀጽ እየነቀሰ ተከራከረ። ረቂቁ በእንደራሴዎች ምክር ቤት ቢያልፍም፣ ማንም ያልመረጠው የሎርዶች ምክር ቤት በሴፕቴምበር 1893 በ41 ድጋፍ ላይ በ419 ተቃውሞ ጣለው። ዩኒየኒስቶችም የሎርዶች ድምፅ እስካለ ድረስ የሚያሰጋቸው ነገር እንደሌለ ተገነዘቡ።

ካርሰን የፓርቲ ታማኝ ሎሌ አልነበረም። በ1896 የራሱ ወገን መንግሥት ለአየርላንድ ጭሰኞች መጠነኛ ማሻሻያ የሚሰጥ የመሬት ሕግ ሲያቀርብ፣ ካርሰን በባለርስቶች ጎን ቆሞ የገዛ ሚኒስትሮቹን ተቃወመ። በሌላ በኩል በአየርላንድ ካቶሊኮች የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ለዓመታት ደግፏል፤ በ1908 ለዚሁ ሕግ መውጣትም ድጋፉን ሰጥቷል። ስለዚህ ካርሰን በሃይማኖት ጥላቻ የታወረ ሰው ነበር ብንል እውነቱን ማጣመም ይሆናል። በመሬትና በሥልጣን ጉዳይ ላይ ግን ፍንክች አላለም።

ከ1893 ጀምሮ በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶችም ጠበቃ ሆኖ በመስቀለኛ ጥያቄ ኃይሉ ዝናን አተረፈ። በ1895 የኮሌጅ ዘመን ጓዱ የነበረውን ደራሲ ኦስካር ዋይልድን በፍርድ ቤት መርምሮ ለውድቀቱ ምክንያት ሆነ። በ1910 ደግሞ የአምስት ሽልንግ የፖስታ ገንዘብ ሰርቋል ተብሎ ከባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ለተባረረ ልጅ ተሟግቶ ንጹሕነቱን አስመሰከረ። ከ1900 እስከ 1905 የእንግሊዝ መንግሥት ሁለተኛ የሕግ ሹም ሆኖ ሠራ። በፌብሩዋሪ 1910 የአየርላንድ ዩኒየኒስት እንደራሴዎች መሪያቸው አደረጉት።

በዚያው ዓመት በተደረጉት ሁለት ምርጫዎች የሊበራልና የወግ አጥባቂ ፓርቲዎች ወንበር እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ከ70 በላይ የሆኑት የጆን ሬድመንድ የአየርላንድ ብሔርተኞች የሚዛኑን ምላስ ያዙ። በ1911 የወጣው የፓርላማ ሕግ የሎርዶችን ምክር ቤት የመጣል ሥልጣን ወደ ማዘግየት ብቻ ዝቅ አደረገው፤ በሦስት ተከታታይ ጉባኤ በእንደራሴዎች የጸደቀ ረቂቅ ሕግ ይሆናል ተባለ። የዩኒየኒስቶች የመጨረሻ ምሽግ በዚህ ፈረሰ። በኤፕሪል 1912 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስክዊዝ ሦስተኛውን የራስ አስተዳደር ረቂቅ ሲያቀርብ፣ ካርሰንም ወገኖቹም በምክር ቤት ድምፅ ብቻ ሊያግዱት እንደማይችሉ ያውቁ ነበር።

የሕግ ሰው ሲሸፍት

እንግዲህ ቀደም ሲል አስታውሱልን ያልነው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በ1887 ኪራይ አንከፍልም ያሉ ጭሰኞችን በሕግ ስም ወደ ወኅኒ ያስወረደው ሰው፣ ፓርላማው በብዙኃን ድምፅ የሚያወጣውን ሕግ ላለመቀበል ሕዝብ ማደራጀት ጀመረ። በሴፕቴምበር 1911 በቤልፋስት አጠገብ በክሬጋቨን ወደ 50,000 ለሚጠጋ ሕዝብ ተናግሮ፣ ረቂቁ ሕግ በሆነ ዕለት አልስተርን ራሳቸው ለማስተዳደር እንዲዘጋጁ አሳሰበ። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1912 ደግሞ ለራስ አስተዳደር ፓርላማ እንዳይገዙ የሚያስር ቃል ኪዳን ተዘጋጅቶ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ፈረመበት። ወንዶች 237,368፣ በተለየ ሰነድ ላይ ደግሞ ሴቶች 234,046 ሆነው ፈረሙ።

ካርሰን ይህን ሲያደርግ የፓርላማውን ወንበር አልለቀቀም። በአንድ እጁ ቃል ኪዳን፣ በሌላው የማሻሻያ ሐሳብ ይዞ ነበር የሚታገለው። በጃኑዋሪ 1 ቀን 1913 ዘጠኙም የአልስተር አውራጃዎች ከሕጉ ውጭ እንዲሆኑ ያቀረበው የማሻሻያ ሐሳብ በ197 ድጋፍ ላይ በ294 ተቃውሞ ወደቀ። በዚያው ወር መጨረሻ በዴሪ ከተማ በተደረገ የማሟያ ምርጫ የራስ አስተዳደር ደጋፊዎች ሲያሸንፉ፣ ከአልስተር 33 ወንበሮች 17ቱ በእነርሱ እጅ ሆኑ። ስለዚህ ካርሰን በአልስተር ስም ሲናገር የአልስተር እንደራሴዎች አብዛኛው ቁጥር እንኳ ከእርሱ ጋር አልነበረም።

የቀረው መሣሪያ ነበር። በጃኑዋሪ 1913 የአልስተር ፈቃደኛ ጦር ተመሠረተ፤ ቁጥሩም እስከ 100,000 እንዲደርስ ታቀደ። በሴፕቴምበር ወር በካርሰን ሰብሳቢነት ጊዜያዊ መንግሥት እንዲቋቋም ዝግጅት ተደረገ። ሥራውን በየቦታው ያቀናጅ የነበረው በውስኪ ጠመቃ የበለጸገ የቤልፋስት ቤተሰብ ልጅ የሆነው ጄምስ ክሬግ ነበር። የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ቦናር ሎው በ1912 በብሌኒም ባደረገው ንግግር አልስተር በተቃውሞዋ እስከፈለገችው ርቀት ብትሄድ እንደሚደግፋት አስታውቆ ነበር። በማርች 1914 በከራ ሰፈር የነበሩ ወደ 60 የሚጠጉ የጦር መኮንኖች አልስተርን እንዲያስገድዱ ከሚላኩ ከሥራ መሰናበትን እንደሚመርጡ ገለጹ። በኤፕሪል 24 ሌሊት ከጀርመን አገር የተገዙ ወደ 25,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች በላርን ወደብና በሌሎች ስፍራዎች ተራገፉ። መንግሥት ማንንም አልያዘም፤ ካርሰንንም አልከሰሰም።

በአንጻሩ በሐምሌ 1914 የአየርላንድ ብሔርተኞች ፈቃደኛ ጦር በሀውዝ ወደብ እጅግ ያነሰ መሣሪያ ሲያስገባ ወታደር ተላከበት፤ በዚያው ዕለት ወታደሮቹ ወደ ደብሊን ሲመለሱ በሕዝብ ላይ ተኩሰው ሰዎችን ገደሉ። በአንድ አገር፣ በአንድ ሕግ ሥር፣ በሦስት ወር ልዩነት የተፈጸመ አንድ ዓይነት ድርጊት ሁለት ዓይነት መልስ አገኘ። ከዚህ የበለጠ የዚያን ዘመን ፍትሕ የሚያስረዳ ምስክር ማቅረብ አያስፈልገንም።

ጦርነቱና ከዚያ በኋላ

ነገሩ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ሲያመራ በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። የራስ አስተዳደሩ ሕግ በሴፕቴምበር ወር ጸድቆ በሥራ ላይ መዋሉ ግን ተገታ። ካርሰን ፈቃደኛ ጦሩ ለብሪታኒያ እንዲዘምት ጠራ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ 36ኛው የአልስተር ክፍለ ጦር ውስጥ ገቡ። በሐምሌ 1 ቀን 1916 በፈረንሳይ አገር በሶም ውጊያ ክፍለ ጦሩ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 5,500 የሚጠጉ ሰዎች ሞተውና ቆስለውበታል። እነዚህ በአብዛኛው የቤልፋስት ሠራተኞችና የአልስተር ገበሬዎች ልጆች ነበሩ።

ካርሰን ራሱ በ1915 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተሾመ፤ በሰርቢያ ጉዳይ ከመንግሥቱ ጋር ባለመስማማቱ በዚያው ዓመት ሥልጣኑን ለቀቀ። በዲሴምበር 1916 አስክዊዝ ከሥልጣን እንዲወርድ ካደረጉት አንዱ ሲሆን፣ በአዲሱ በሎይድ ጆርጅ መንግሥት የባሕር ኃይል ሚኒስትር፣ ቀጥሎም እስከ ጃኑዋሪ 1918 ድረስ የጦር ካቢኔ አባል ሆነ። በተመሳሳይ ዓመት፣ በ1916 የፋሲካ ሰሞን በደብሊን ዐመፅ ተነሥቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የሠራተኛው መሪ ጄምስ ኮኖሊ ጭምር 16 ሰዎች በሞት ተቀጡ። እርግጥ ነው፣ የደብሊኖቹ በተኩስ ሲዋጉ የአልስተሩ ጦር በመንግሥት ላይ አልተኮሰም። ሆኖም መሣሪያ አንሥቶ ፓርላማን ማስፈራራት ፍሬ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ያስተማረው የካርሰን ወገን መሆኑ አይካድም።

ሠራተኛውን የከፈለ ግንብ

የሠራተኛው አንባቢ ከሁሉ ይልቅ ሊያተኩርበት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። የቤልፋስት ወዛደሮች በባሕርያቸው የተጣሉ አልነበሩም። በ1907 በጄምስ ላርኪን መሪነት የወደብ ሠራተኞችና የጋሪ ነጂዎች ካቶሊክ ፕሮቴስታንት ሳይሉ አብረው አድማ መትተዋል። በ1919 መጀመሪያም የመርከብ መሥሪያና የብረታ ብረት ሠራተኞች የሳምንቱ ሥራ ወደ 44 ሰዓት እንዲቀነስ ለሳምንታት ከተማይቱን አቁመው ታግለዋል።

የዩኒየኒስት መሪዎች ይህን ኅብረት በቸልታ አላዩትም። በ1918 የአልስተር ዩኒየኒስት የሠራተኞች ማኅበር ሲቋቋም ፕሬዚዳንቱ ካርሰን ሆነ። በእንግሊዝ ከታወቁት ጠበቆች አንዱ፣ የባለርስቶች ተከራካሪ፣ ነጻነት ለሚሻው ወዛደር መሪ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። የማኅበሩ ተግባር ሠራተኛው ከሶሻሊስቶችና ከነጻ የሠራተኛ ማኅበራት ርቆ በዩኒየኒስት ጥላ ሥር እንዲቆይ ማድረግ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ካርሰን ከዩኒቨርሲቲው ወንበር ወጥቶ የቤልፋስት ደንከርን እንደራሴ ሆነ። በዚህ ምርጫ ሺን ፌን ከአየርላንድ 105 ወንበሮች 73ቱን ሲያሸንፍ፣ ዩኒየኒስቶች 26 ብቻ አገኙ።

በሐምሌ 12 ቀን 1920፣ አገሪቱ በጦርነት ስትታመስ፣ ካርሰን በቤልፋስት አጠገብ ባደረገው ንግግር ሺን ፌንን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛ ወዳጅ መስለው ይከፋፍሉናል ያላቸውንም ወነጀለ። በዘጠነኛው ቀን፣ ቤተሰቡ የሰሜን የሆነ አንድ የፖሊስ አዛዥ በኮርክ ተገድሎ በተቀበረበት ዕለት፣ በመርከብ መሥሪያዎች ውስጥ ካቶሊክ ሠራተኞች በኃይል ተባረሩ። ከእነርሱም ጋር በሶሻሊስትነትና በሠራተኛ ማኅበር መሪነት የታወቁ ፕሮቴስታንቶች ተባረሩ። ከሥራ የተፈናቀሉት በሺህ የሚቈጠሩ ነበሩ። ይህን ድርጊት በካርሰን አንድ ንግግር ላይ ብቻ መጫን ትክክል አይሆንም፤ የግድያው ቍጣም፣ የሥራ አጥነት ስጋትም ነበረበት። ነገር ግን ደረቅ ሣር ባለበት ሜዳ እሳት ይዞ የሄደ ሰው ነፋሱን ብቻ ሊወቅስ አይችልም። አብሮ አድማ የመታው ሠራተኛ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ባልንጀራውን በመዶሻ አሳደደ። ከዚህ ያተረፈው የፋብሪካው ባለቤት እንጂ አሳዳጁ ሠራተኛ አልነበረም።

የድሉ መራራ ፍሬ

በ1920 የወጣው የአየርላንድ መስተዳድር ሕግ አገሪቱን ለሁለት ከፈለ። ዩኒየኒስቶች አብዛኛውን ድምፅ እንዲይዙ ከአልስተር ዘጠኝ አውራጃዎች ስድስቱ ብቻ ተወሰዱ፤ የዶኒጎል፣ የካቫንና የሞናሃን ዩኒየኒስቶች ቃል ኪዳኑን ከሌሎቹ ጋር ፈርመው ሳለ ተተዉ። ካርሰን የተወለደባት ደብሊንም በሌላው ወገን ቀረች። ዕድሜውን ሙሉ የራስ አስተዳደርን ሲቃወም የነበረው እንቅስቃሴ በመጨረሻ ራሱ በቤልፋስት የራስ አስተዳደር ፓርላማ ተሰጠው፤ ይህ በታሪክ ውስጥ ከሚታዩት ምጸቶች አንዱ ነው።

ካርሰን አዲሱን መስተዳድር እንዲመራ ቢጠየቅም እምቢ አለ። በፌብሩዋሪ 1921 መሪነቱን ለክሬግ አስረክቦ ሲሰናበት፣ በሥራቸው ያሉት ካቶሊኮች ከብዙኃኑ የሚፈሩት ነገር እንዳይኖር በፍትሕ እንዲያስተዳድሯቸው ተከታዮቹን መከረ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ለዓመታት ጥርጣሬ ሲዘራ የኖረ ሰው በስንብት ዕለት መተማመንን ሊያጭድ አልቻለም። በግንቦት ወር የላይኛው ፍርድ ቤት ዳኛና የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆነ። በዲሴምበር 1921 የአየርላንድ ስምምነት ሲፈረም፣ በሎርዶች ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን አድርጎ የዕድሜ ልክ አጋሮቹ የነበሩትን ወግ አጥባቂዎች በምሬት ወረፋቸው። በንግግሩም እርሱም፣ አልስተርም፣ አየርላንድም ያን ፓርቲ ሥልጣን ላይ ለማውጣት በተደረገ ጨዋታ ውስጥ አሻንጉሊት እንደነበሩ አመነ። ተቃዋሚዎቹ ለሠላሳ ዓመት ሲሉት የኖሩትን ነገር በመጨረሻ እርሱ ራሱ ተናገረው።

ካርሰን እስከ 1929 በዳኝነት ሠርቶ በኦክቶበር 22 ቀን 1935 በእንግሊዝ አገር በኬንት አረፈ። አስከሬኑ ወደ ቤልፋስት ተወስዶ በመንግሥት ክብር በቅድስት አን ካቴድራል ተቀበረ። ገና በሕይወቱ ሳለ በስቶርሞንት የፓርላማ ሕንፃ ፊት ለፊት የቆመው፣ እጁን ወደ ላይ ያነሣው ሐውልቱ ዛሬም እዚያው አለ። ያ ፓርላማ ግን ለ50 ዓመታት ያህል በአንድ ፓርቲ እጅ ቆይቶ፣ አናሳው ወገን በቤት ድልድል፣ በሥራና በምርጫ ሲበደል ኖሮ፣ በ1972 ከለንደን በመጣ ትእዛዝ ታገደ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ እስከ 1998 የሰላም ስምምነት ድረስ በዘለቀው ግጭት ወደ 3,500 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ካርሰን ፈሪም ሌባም አልነበረም፤ ብርቱ ጠበቃ፣ ላመነበት የጸና ሰው ነበር። ችግሩ ሕግን ለጭሰኛው ሰንሰለት፣ ለራሱ ወገን ግን እንደ ልብስ የሚወልቅ ነገር ማድረጉ ነበር። ሕዝብ በስጋቱ ሲነዳ ወዴት እንደሚነዳ፣ ጠመንጃው ማን ገዝቶ እንደሰጠው፣ ከጎኑ የሚሠራውን ባልንጀራውን ሲያባርር ደመወዙ አንድ ሳንቲም ይጨምር እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የቤልፋስት ሠራተኛ ይህን ጥያቄ በ1907ም በ1919ም መጠየቅ ጀምሮ ነበር። በ1920 ሐምሌ ሳይጠይቅ ቀረ፤ ዋጋውንም የከፈሉት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው።